ያውቁ ኖሯል? መድረኩን ለሴቶች የከፈተችው አስናቀች

• በአዲስ አበባ ቴያትር ቤቶች በአንድ ወቅት የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው የሚወጡ ወንዶች ነበሩ።

• ይህን ልማድ የሰበረችው አስናቀች ወርቁ ናት። በ1940ዎቹ ዓ.ም. «የፍቅር ጮራ» በተሰኘው ተውኔት መድረክ ላይ ቆማ፣ የዘመናዊው ቴያትራችን የመጀመሪያዋ ተዋናይት ለመባል በቃች።

• ዘመኑ የጥበብ ሰው «አዝማሪ» እየተባለ የሚናቅበት ነበር። እሷ ግን ክራሯን ታቅፋ፣ ግጥሙን እዚያው እየፈጠረች፣ ሰሙን ከወርቁ እያዋዛች አዜመች።

• የፓሪሱ «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበም 16ኛ ቅጹን ለእሷ ክራርና ድምፅ ሰጥቷል።

• አድናቂዎቿ «አስኒ» ይሏታል። መስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች። በከፈተችው በር የገቡ ተዋንያት ዛሬም መድረኩን ያደምቁታል፤ ውለታዋ ሊዘነጋ አይገባም።