የፉሪ ጆሮ

ፉሪ ተራራን ብዙው የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቀው በቆሙበት አንቴናዎች ነው። እኔ ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት ግን ከሩቅ የማይታየውን ነው። በተራራው ላይ፣ ከባሕር ወለል 2,570 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሌት ተቀን መሬቱን የሚያዳምጥ የርዕደ መሬት መመዝገቢያ ጣቢያ አለ። በዓለም አቀፉ መዝገብም ስሙ ያው «ፉሪ» ነው። ሰፈሩን ረግጦት የማያውቅ የጃፓን ወይም የፔሩ ተመራማሪ በዚሁ ስም ፈልጎ መረጃውን ይወስዳል።

ጣቢያው በ1997 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ከባዶ አልተነሣም። በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (1957–58 እ.ኤ.አ.) ጊዜ አዲስ አበባ ላይ፣ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሥር፣ የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። የመሠረቱት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን ናቸው፤ የኢትዮጵያን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ከዜና መዋዕልና ከመንገደኞች ማስታወሻ እየለቀሙ መጽሐፍ ያደረጉት ሰው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አሜሪካ የሌሎችን የከርሰ ምድር የኒውክሌር ሙከራ ለማወቅ በብዙ አገሮች አንድ ዓይነት መሣሪያ ስታስቀምጥ፣ ለአዲስ አበባም አንዱ ደረሳት። የቦምብ ሥጋት ባይኖር ኖሮ ይህ ሳይንስ ያን ያህል ገንዘብ ባላገኘ ነበር።

ፉሪም የመሬት መንቀጥቀጥንም የቦምብ ሙከራንም የማዳመጡን ድርብ ሥራ ወርሷል። ማንኛውንም የኒውክሌር ፍንዳታ ሙከራ የሚከለክለው ስምምነት በመስከረም 1989 ዓ.ም. ለፊርማ ሲቀርብ፣ ኢትዮጵያ በማግሥቱ ፈረመች፤ በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ አጸደቀችው። በስምምነቱ ዝርዝር ውስጥ ከሰፈሩት 120 ረዳት የርዕደ መሬት ጣቢያዎች አንዱ ፉሪ ነው። ስማቸው የተጠቀሰ 44 አገሮች ሁሉ ማጽደቅ ሲኖርባቸው አንዳንዶቹ ስላላጸደቁት ስምምነቱ እስከ ዛሬ በሕግ አልጸናም። ማዳመጡ ግን ሕጉን አልጠበቀም።

ጣቢያዎቹ የሚያዳምጡት ምንድን ነው? ለሙከራ በተከለለ መሬት የሚፈነዳውን ቦምብ ነው። ወታደር የተከለለ መሬት ይፈልጋል። ብር ሸለቆ፣ ሁርሶ፣ ብላቴ የሚባሉት ማሠልጠኛዎቻችን ከትልልቅ ከተሞች የራቁት በከንቱ አይደለም፤ የተኩስ መለማመጃ ሜዳ ሰፊና ሰው የማይገባበት መሆን አለበት። እንዲህ ያለውን መሬት መያዝ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ታንክ የደፈጠጠውን አፈር በፈረቃ ማሳረፍ፣ ተኩስ የሚያስነሣውን እሳት መከላከል፣ ያልፈነዳ ጥይት እየለቀሙ ማምከን ያስፈልጋል። በደንብ ከተያዘ ሣሩ ይመለሳል። ለአቶሚክ ሙከራ የተሰጠ መሬት ግን በማሳረፍ አይድንም።

ካዛኪስታን ውስጥ ሰሚፓላቲንስክ የሚባለው የሶቪየት መሞከሪያ ከ18 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ አበባን ሠላሳ ጊዜ ይበልጣል። ከ1949 እስከ 1989 እ.ኤ.አ. 456 ሙከራ ተደርጎበት በ1991 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ከተዘጋ በኋላ የመዳብ ሽቦ ፈላጊዎች በተራሮቹ ውስጥ ወደተቆፈሩት ዋሻዎች እየገቡ ሲለቅሙ፣ ዋሻዎቹ ውስጥ ፕሉቶኒየም ቀርቶ ነበር። እሱን በኮንክሪት የመድፈኑ ሥራ ያለቀው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛው አህጉርም ፈረንሳይ በአልጄሪያ ሰሃራ 17 ቦምብ አፈንድታለች፤ 13ቱን ኢን ኤከር በሚባል ቦታ፣ በግራናይት ተራራ ሆድ ውስጥ። በግንቦት 1962 እ.ኤ.አ. አንደኛው ተራራውን ሰንጥቆ ጨረሩን ወደ ውጭ ተፋው። ያን ተራራ ሳስብ ፉሪ ይበልጥ ይከብርብኛል።

አሁን ወደ መሣሪያው። ቦምብና የመሬት መንቀጥቀጥ እንዴት ይለያሉ? የመሬት መንቀጥቀጥ መጅ በወፍጮ ላይ እንደሚሄደው ነው፤ ሁለት የዓለት ገጾች ተፋትገው ይንሸራተታሉ። ስለዚህ በአንዱ አቅጣጫ ያለው ጣቢያ መጀመሪያ ሲገፋ፣ በሌላው በኩል ያለው ይሳባል፤ ሁለተኛው፣ ጎን ለጎን የሚያናውጠው ሞገድም ብርቱ ይሆናል። ፍንዳታ ግን በሁሉም አቅጣጫ ወደ ውጭ ይገፋል። የመጀመሪያው ሞገድ ስለታም፣ ተከታዩ ደካማ ነው። አንድ ጣቢያ ብቻውን ይህን አይፈርድም፤ በየአቅጣጫው ያሉ ብዙ ጆሮዎች ያስፈልጋሉ። የፉሪ ዋጋም እዚህ ላይ ነው። በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ሰሜን ኮሪያ በፑንግዬ ሪ ተራራ ውስጥ ስድስተኛውን ሙከራ ስታደርግ፣ የፍንዳታው ሞገድ በምድር ሆድ ከ9 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ወዳለው ፉሪ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ 12 ደቂቃ ተኩል ገደማ ብቻ ነው።

የቅርቡንም እናውቀዋለን። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ ምድር ስትናጥ፣ የአዲስ አበባ የፎቅ ነዋሪ በሌሊት ልጆቹን አቅፎ ደረጃ ሲወርድ ከርሟል። ከፈንታሌ የተነሣ ሞገድ ፉሪ የሚደርሰው በ20 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ሁለተኛው ከ15 ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ይከተለዋል። ባለሙያው በሁለቱ መካከል ካለው ልዩነት ርቀቱን ያሰላል።

የዚህ መሣሪያ ጠላቱ ግርግር ነው። መኪና፣ የብሎኬት ማምረቻ፣ የሕንፃ መሠረት ቁፋሮ ሁሉም መሬትን ያንዘፈዝፋሉ። በ2012 ዓ.ም. ዓለም በኮሮና ምክንያት በሯን ስትዘጋ ሰው የሚፈጥረው ንዝረት እስከ ግማሽ መቀነሱን በየአገሩ ያሉ ጣቢያዎች መዝግበዋል። ፉሪ ዙሪያ ግን ከተማው እየቀረበ ነው፤ ሠፈሩ በአዲስ አበባም በሸገር ከተማም በኩል ይሰፋል። «ጸጥታ» በአማርኛ ዝምታም ነው፣ የአገር ደህንነትም ነው፤ ይህ ተራራ ሁለቱንም ይፈልጋል። ለተኩስ ሜዳ ክልል አበጅተን ሰፈር እንዳይጠጋው እንደምናደርገው ሁሉ፣ ለዚህ ተራራም ግንባታ የማይጠጋው ክልል ይገባዋል ባይ ነኝ። የሚጠይቀው መሬት ከተኩስ ሜዳ በጣም ያነሰ ነው።

በስምምነቱ ያሉት ዋናዎቹ 50 ጣቢያዎች መረጃቸውን ሳያቋርጡ ቪየና ወዳለው የስምምነቱ የመረጃ ማዕከል ይልካሉ፤ እንደ ፉሪ ያሉት ረዳቶች ግን ሲጠየቁ ነው የሚልኩት። ጥያቄው የሚመጣው አጠራጣሪ ንዝረት ሌላ ቦታ ከታየ በኋላ ስለሆነ፣ የተፈለገችው ደቂቃ ቀድማ ተመዝግባ መገኘት አለባት። ያቺ ደቂቃ የጅቡቲው ባቡር ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ከሚነሣባት ደቂቃ ጋር ልትገጥም ትችላለች።