ያረጀች መኪናና ሲንተቲክ ዘይት

«መኪናዬ አሮጌ ናት። ሲንተቲክ ዘይት ካስገባሁባት ማፍሰስ ትጀምራለች ይሉኛል፤ እውነት ነው?» በዚህ ቻናል ይህን ያህል የተጠየቅሁት ሌላ ነገር የለም፤ ጥያቄው እየበዛ የመጣበት ምክንያትም ይገባኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። እንግዲህ ዛሬ በእጃችን ያለችው ኮሮላ፣ ቪትዝ ወይም ዲኤክስ በቀላሉ የምትተካ አይደለችም። ሞተሯን ማቆየት የፈለገ ሰው ስለ ዘይት ቢጨነቅ ትክክል ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። ጤነኛ የኢንጀክሽን ሞተር ሃያም ይሁን ሠላሳ ዓመት ያገልግል፣ ወደ ሲንተቲክ ቢሻገር ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። በሲንተቲክ የሚሳበበው አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ከአሻጋገሩ ነው። ዘይት የሚበላ ሞተር ወይም ካርቡሬተሩ ያልተስተካከለ ሞተር ግን ውድ ዘይት ቢጨመርበት ገንዘቡ በማርሚታ ነው የሚወጣው።

ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ሞቢል ዋን እ.ኤ.አ. በ1974 ገበያ ላይ ሲውል፣ የዚያ ዘመን ሲንተቲኮች ዋና ይዘታቸው ፖሊአልፋኦሌፊን የሚባል በፋብሪካ የተሠራ ፈሳሽ ነበር። ኖርማሉ ዘይት ከድፍድፍ ነዳጅ ይዟቸው የሚመጡ፣ ጎማን በመጠኑ የሚያሳብጡ ውህዶች አሉት። የኮሎው ኦይል ሲል ዓመታት ሲያስቆጥር በዚያች እብጠት እየታገዘ ነው ዘይቱን የሚይዘው። ፖሊአልፋኦሌፊን ግን ጎማን አያሳብጥም፤ ይባስ ብሎ ትንሽ ያሸመቅቀዋል። በዚህ ምክንያት ያረጁ ሲሎች ያኔ በእርግጥ አፍስሰዋል። አምራቾቹ ኢስተር የተባለውን ጎማ የሚያለሰልስ ውህድ እየቀላቀሉ ችግሩን ከፈቱት አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ወሬው ግን ከመካኒክ ወደ መካኒክ እየተላለፈ እዚህ ደርሷል።

ሌላም ነገር አለ። ዛሬ በየማደያው መደርደሪያ ላይ «ፉሊ ሲንተቲክ» ተብሎ የምናየው ዘይት በአብዛኛው መነሻው ያው ድፍድፍ ነዳጅ ነው። በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት በሃይድሮጅን ተጣርቶ ነው የሚወጣው፤ በሙያው ቋንቋ «ግሩፕ 3» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ ሞቢል «ካስትሮል ይህን ሲንተቲክ ብሎ መሸጥ የለበትም» ብሎ ለማስታወቂያ ተቆጣጣሪው አካል አቤት ብሎ ነበር። ውሳኔው ለካስትሮል ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ለሁለቱም ዓይነት ዘይት ይሠራል። ስለዚህ መኪናችሁ ውስጥ የምትጨምሩት ሲንተቲክ ከለመደችው ዘይት ጋር የሥጋ ዝምድና አለው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱ ቢቀላቀሉም ጉዳት የለውም። «አንዴ ሲንተቲክ ያየ ሞተር ወደ ኖርማል አይመለስም» የሚባለውም መሠረት የለውም።

ታዲያ ሰዎች ሲንተቲክ ካስገቡ በኋላ መኪናቸው ሥር የዘይት ጠብታ የሚያዩት ለምንድን ነው? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነው።

መኪናዋ ለዓመታት የሄደችው በ20ደብሊው-50 ነው እንበል። ባለቤቷ አንድ ቀን ቆርጦ ሲንተቲክ ይገዛል፤ የሚሰጠው ደግሞ 5ደብሊው-30 ነው። በዚያች ቅጽበት የቀየረው አንድ ነገር አይደለም፤ የዘይቱን ዓይነትም ውፍረቱንም ቀይሯል። የኋለኛው ቁጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሙቀት ያለውን ውፍረት ይነግረናል። 50 የሚባለው ዘይት በዚያ ሙቀት ቢያንስ 16.3 ሴንቲስቶክ ነው፤ 30 የሚባለው ደግሞ ከ12.5 በታች። ብሮንዚኑ በላላ፣ ሲሉ በደረቀ ሞተር ውስጥ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ዘይቱ ቀጠነና በቀዳዳው ወጣ፤ የዘይት ግፊቱም በሚኒሞ ላይ ወረደ። ኖርማል 5ደብሊው-30 ቢጨመርበትም የሚሆነው ያው ነበር፤ ስሙ የጠፋው ግን ሲንተቲክ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ዓይነቱን ስትቀይሩ ውፍረቱን አትንኩ የሚል ነው። 20ደብሊው-50 የለመደች መኪና 15ደብሊው-50 ወይም 10ደብሊው-50 ሲንተቲክ ትውሰድ። 15ደብሊው-40 የለመደችው ደግሞ 10ደብሊው-40 ወይም 5ደብሊው-40 ታግኝ። ፊት ያለው «ደብሊው» ያለበት ቁጥር የብርድ ቁጥር ነው፤ 5ደብሊው የሚፈተነው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ፣ 20ደብሊው ከዜሮ በታች 15 ላይ ነው። የአዲስ አበባ ውርጭ በኅዳርና በታኅሣሥ ቢከፋ ዜሮ አካባቢ ነው። ለእኛ ከፊተኛው ይልቅ የኋለኛው ቁጥር ይበልጣል፤ ሻጩ «ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር የተሻለ ነው» ካላችሁ አትስሙት።

ሁለተኛው ምክንያት ቆሻሻ ነው። ዘይት ሳይቀየር ብዙ የሄደ ሞተር በውስጡ ጥቁር ጭቃ ያጠራቅማል፤ ያ ጭቃ የተሰነጠቀ ሲል ላይ ተለጥፎ ቀዳዳውን ደፍኖ ሊኖር ይችላል። ጥሩ ዘይት ሲገባ ጭቃው ቀስ በቀስ ይሟሟል፤ ያኔ ድሮም የነበረው ቀዳዳ ይታያል። ማፍሰሱ አዲስ በሽታ አይደለም፤ ተሸፍኖ የነበረ በሽታ ነው። አዲሱ ዘይት ቶሎ መጥቆሩም ቆሻሻውን ይዞ ስለሆነ አያስደነግጥም።

ሦስተኛውን ምክንያት ብዙ ጋራዥ አያነሳውም፤ ፒሲቪ ቫልቭ ነው። በፋሻዎቹ መካከል አልፎ ወደ ታች የሚወርደው ጋዝ ተመልሶ ወደ አየር መሳቢያው የሚሄደው በዚህች ትንሽ ቫልቭ በኩል ነው። ቫልቯ በቆሻሻ ስትደፈን ጋዙ መውጫ ያጣና ሞተሩ ውስጥ ግፊት ይፈጠራል፤ ግፊቱም ዘይቱን በሲሉና በጓርኒሲዮኑ እየገፋ ያወጣዋል። ቫልቯን ነቅላችሁ ስታንቀጠቅጧት ውስጧ ያለው ነገር ድምፅ ካላሰማ ተደፍናለች ማለት ነው።  ሞተር አስከፍቶ ኦይል ሲል ከማስቀየር በፊት ይህችን ማየት ግዴታ ይመስለኛል።

ሲንተቲክ ለእኛ ምን ይጠቅማል ከተባለ መልሱ ሙቀት ነው። ዘይት ከመጠን በላይ በሞቀ ቁጥር ከአየር ጋር እየተዋሐደ ይበላሻል፤ በተለምዶ የሚሠራበት ስሌት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የመበላሸቱ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል የሚል ነው። ሲንተቲክ ይህን በጣም ይቋቋማል። ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ ሰው፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ያለውን ዳገት በከባድ ማርሽ ሲገፋ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚጋል ያውቀዋል። ወደ አዋሽና ወደ ድሬዳዋ የሚሄደውም እንዲሁ። ከተማ ውስጥ ደግሞ ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ በትራፊክ መጨናነቅ ስንቆም፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ቆሞ ሞተሩ ግን ይሠራል። ለዚህ ነው በዘይቱ ዕቃ ላይ 10,000 ኪ.ሜ. ተብሎ ቢጻፍም እኔ በራሴ ኮሮላ ከ7,000 የማላሳልፈው። ኖርማል ዘይት ቢሆን ከ5,000 በፊት እቀይር ነበር። የሲንተቲክ ዋጋ የኖርማሉ እጥፍና ከዚያም በላይ ስለሆነ፣ «ቅያሪው ስለሚርቅ ይካካሳል» የሚለው ሒሳብ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ገንዘቡን የምከፍለው ሞተሩ ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይልኝ ነው።

አሁን ባለ ካርቡሬተር ወደሆነችው ዲኤክስ ባለቤቶች ልምጣ፤ ለእናንተ መልሴ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም። ለዚህ ከፍታ ካልተስተካከለ አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ ይበዛል። የተረፈው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ያጥብና በፋሻዎቹ በኩል ወርዶ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዛችሁ አሽትቱት። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ወይም የዘይቱ ልክ ሳትጨምሩበት ከፍ ካለ፣ ካንዴላውም ጥቀርሻ ለብሶ ከወጣ፣ የትኛውም ውድ ዘይት አያድናችሁም። ቤንዚን ሲንተቲክንም ኖርማልንም እኩል ያቀጥናል። መጀመሪያ ካርቡሬተሩ ይስተካከል፤ ጥሩ ኖርማል ዘይት ይግባ፤ ቶሎ ቶሎ ይቀየር። ያ ከሲንተቲክ በተሻለ ያኖራታል።

የዲኤክስ ሞተር ሌላም ጠባይ አለው። ካምሻፍቱ የሚገፋቸው ታፔቶች ጠፍጣፋ ስለሆኑ ብረት ከብረት ይፋተጋል። ይህን መፋተግ የሚከላከለው ዘይት ውስጥ ያለው የዚንክና የፎስፈረስ ውህድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣው ኤፒአይ ኤስኤም ደረጃ ጀምሮ እንደ 5ደብሊው-30 ባሉ ቀጫጭን ዘይቶች ውስጥ ፎስፈረሱ ከ0.08 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ የጭስ ማጣሪያውን ስለሚጎዳ ነው። 10ደብሊው-40ና ከዚያ የወፈሩት ግን በዚህ ገደብ ውስጥ አይገቡም። አሮጌ ሞተር ላይ ቀጭን ዘይት የማልመክርበት ተጨማሪ ምክንያት ይሄው ነው።

ለመሻገር የወሰነ ሰው መጀመሪያ የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ከፍቶ በስልክ መብራት ውስጡን ይመልከት። ብረቱ ቡናማ ወይም ወርቅማ ቀለም ይዞ ከታየ ሞተሩ ንጹሕ ነው፤ ዛሬውኑ መቀየር ይችላል። ወፍራም ጥቁር ጭቃ ከተጋገረበት ግን ቀጥታ ሲንተቲክ አይጨምር። ኖርማል ዘይት ከነፊልትሮው ሁለት ሦስት ጊዜ በ2,000 ኪ.ሜ. ልዩነት ይቀይርና ጭቃው በዝግታ ይልቀቅ። ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ አረፋ ካየ ደግሞ ምናልባት ውኃ ከዘይት ጋር እየተገናኘ ስለሆነ የዘይት ወሬው ይቆይና ቴስታታው ይታይ።

አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር አለ፦ ሞተራችሁን በናፍጣ ወይም በላምባ አታሳጥቡ። በአንዳንድ ሰፈር «ዘይቱን አፍስሼ በናፍጣ አጥቤ ልስጥህ» የሚል አለ። ናፍጣ ጭቃውን በዝግታ አያሟሟውም፤ ቁርጥራጭ አድርጎ ያላቅቀዋል። ቁርጥራጩ ወርዶ ካርተሩ ውስጥ ያለውን የዘይት ፓምፕ ወንፊት ይደፍናል። ፓምፑ መሳብ ሲያቅተው ብሮንዚኑ ይበላል፤ ደህና የነበረ ሞተር በአንድ ቀን ሊወርድ ይችላል።

ሲንተቲኩ ከገባ በኋላ የመጀመሪያውን ፊልትሮ በ1,500 ኪ.ሜ. አካባቢ ብቻውን ቀይሩትና የጎደለውን ዘይት ሙሉበት። ዘይቱን ማሸጊያው ያልተነካ፣ ከታወቀ ማደያ ወይም ከወኪሉ ግዙ፤ ባዶውን ዕቃ ደግሞ ሳትበሱት ጋራዥ ጥላችሁ አትሂዱ፤ ሌላ ዘይት ተሞልቶበት ተመልሶ ሊሸጥ ይችላል።

ዘይት የሚበሉት መኪኖች ይቀራሉ። ጠዋት ስትነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ አሳይታ የምትተው መኪና የቫልቭ ሲሏ ደርቋል፤ ይህ ሞተር ሳይወርድ የሚቀየር ነው። ዳገት ላይ፣ ነዳጅ ስትሰጧት የምታጨስ ከሆነ ፋሻዋ ነው። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የተሠሩ ኮሮላዎች ላይ ያለው 1ዜድዜድ ሞተር በዚህ ይታወቃል፤ ፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለነበሩ ይደፈናሉ፣ ፋሻውም ይጣበቃል። ቶዮታ ፒስተኑን ያሻሻለው በኋላ ነው። ገና መብላት ያልጀመረች ከሆነ ለሲንተቲክ ከእሷ ይበልጥ ተገቢ መኪና የለም። ቀድማ ከጀመረች ግን በርካሹ ዘይት እየሞላችሁ፣ ልኩን በየሳምንቱ እያያችሁ፣ ገንዘቡን ለፋሻና ለፒስተን አጠራቅሙ። ሞተሩ ተከፍቶ አዲስ ፋሻ ከገባለት በኋላም የመጀመሪያውን 1,000 ኪ.ሜ. በኖርማል ዘይት ይሂድ፤ ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር ተፋትጎ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ። ከዚያ ዘይቱም ፊልትሮውም ይወገድና ሲንተቲኩ ይግባ።