የስማችን ፊደል

የገላን ሾፌሮችና ረዳቶች!

ለመኪና ሥራ ስትቀጠሩ «ከወንጀል ነፃ» የሚል ማስረጃ ትጠየቁ ይሆናል። ፌዴራል ፖሊስ የጣት አሻራ ወስዶ ይሰጣል። ታዲያ አንዳንዱን ሰው የሚያመላልሰው ወንጀል አይደለም፤ ፊደል ነው። መታወቂያው «ኃይሉ» ይላል፤ መንጃ ፈቃዱ ግን «ሀይሉ»። ሲጠሩት አንድ፣ ሲጽፉት ሁለት! ጂቡቲ ለሚነዳማ ፓስፖርትም አለ፤ በላቲን ፊደል አንድ ስም ሦስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል።

ይህን ለማቃለል ፋይዳ መታወቂያ መጥቷል፤ አዋጁ በ2015 ዓ.ም. ወጣ። የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ይወሰዳል፤ 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል። ስም ቢመሳሰልም አሻራ ይለያል። ግን ልብ በሉ፤ ፋይዳ ማንነታችሁን እንጂ ከወንጀል ነፃ መሆናችሁን አይመሰክርም።

መዝጋቢው ስማችሁን ሲጽፍ ቀና ብላችሁ እዩ። ፊደሉን አንድ በአንድ አንብቡ። ከተሳሳተ «እዚሁ ይታረምልኝ» በሉ።