በረዶውን ያቀለጠው ዝናቡ ነው?

ባሕር ዳር ላይ በረዶ የጣለ ዕለት የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮው እስኪያደነቁረን ይንኳኳል፣ ግቢው ነጭ ይሆናል፣ ልጆች በሳፋ ይለቅማሉ፣ ሰው ስልኩን ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ምንም የለም። «ዝናቡ አጠበው» እንላለን። ሲያትል ያሉ ዘመዶቻችንም ታኅሣሥና ጥር ላይ ሲደውሉ «እግዜር ይስጠው ዝናብ መጣና በረዶውን አነሳልን» ይላሉ። እኔ ግን ዝናቡ የሌላውን ሥራ በስሙ ያስመዘገበ ይመስለኛል። ሒሳቡን አብረን እንየው።

ዜሮ ዲግሪ ላይ ያለ አንድ ኪሎ በረዶ ውኃ ለመሆን 334 ኪሎጁል ሙቀት ይፈልጋል። ይህ ያንኑ አንድ ኪሎ ውኃ ከዜሮ ወደ 80 ዲግሪ የሚያሞቅ ነው፤ በረዶ በቀላሉ እጅ አይሰጥም። አሁን 15 ዲግሪ የሆነ ዝናብ ወረደበት እንበል። አንድ ሊትሩ እስከ ዜሮ ሲቀዘቅዝ የሚለቀው ሙቀት 63 ኪሎጁል ያህል ብቻ ነው፤ 190 ግራም ገደማ በረዶ አቅልጦ ያበቃል። 10 ሚሊሜትር ዝናብ ሙሉውን ቢወርድ እንኳ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሁለት ኪሎ የማይሞላ በረዶ ነው የሚያቀልጠው። ለዚያ ሁሉ ጩኸት ይህ ምንም አይደለም።

ታዲያ ማን ነው? ጣና ዳር ተቀምጣችሁ ከፍሪጅ የወጣ አምቦ ውኃ ስታዝዙ ጠርሙሱ ወዲያው ያልበዋል። ላቡ የመጣው ከአየሩ ነው። ውኃ ተንኖ ወደ አየር ሲወጣ ብዙ ሙቀት ተሸክሞ ይሄዳል፤ እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ነገር ነክቶ ተመልሶ ውኃ ሲሆን ደግሞ ያንን ሙቀት እዚያው ያራግፈዋል። መጠኑ በኪሎ 2,500 ኪሎጁል ያህል ነው። እንግዲህ በረዶ ላይ የሚያርፍ አንድ ኪሎ እንፋሎት ሰባት ኪሎ ተኩል ያህል በረዶ ያቀልጣል፤ ከዚያ ከ15 ዲግሪው ዝናብ ጋር ሲነጻጸር 40 እጥፍ መሆኑ ነው። ድምፅ የለው፣ አይታይ፣ ማንም አያመሰግነው!

ይህ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። አየሩ በረዶው ፊት ላይ ካለው የበለጠ እንፋሎት መያዝ አለበት፤ በሌላ አነጋገር ጤዛ የሚጀምርበት ሙቀት ከዜሮ በላይ መሆን አለበት። ጤዛው በ15 ዲግሪ የሚጀምር አየር፣ በረዶው ገጽ ላይ ካለው ሦስት እጥፍ ለመድረስ ጥቂት የሚቀረው እንፋሎት አለው። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ሐይቅ በራፋችን ላይ ተኝቶ፣ በክረምት ወበቁ አንገት ላይ ሲለጠፍ፣ በረዶ እዚህ ምን ዕድል አለው? ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል፤ በረዶው ላይ የተኛውን ቀዝቃዛ አየር ገፍቶ አዲስ ሙቅና እርጥብ አየር ያመጣበታል። እውነት ለመናገር እኛ ጋ ከሥርም የሞቀ አስፋልት አለ፤ ንጣፉ ስስ ሲሆን የእሱም ድርሻ ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ሰሜን ተራሮች እንውጣ። በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ አየሩ ሲደርቅ ነገሩ ይገለበጣል። እንፋሎት በረዶው ላይ በማረፍ ፈንታ ከበረዶው እየተነሳ ወደ አየሩ ይሄዳል። አንድ ኪሎ በረዶ በቀጥታ ተንኖ ለመጥፋት ከ2,800 ኪሎጁል በላይ ይፈልጋል፤ ይህን የሚወስደው ከራሱ ከበረዶው ጭምር ስለሆነ የቀረው ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጥላ ሥር ያለ በረዶ አየሩ ከዜሮ ሁለት ሦስት ዲግሪ ከፍ ብሎም ሳይቀልጥ ሊቆይ ይችላል። የኪሊማንጃሮ ጫፍ በረዶም ብዙውን የሚያጣው በዚህ መንገድ ነው። ደመና ከመጣ ግን ሌሊቱን ሙቀት ወደ መሬት ይመልሳል፤ ጭጋግና ነፋስ ከተገናኙማ ከጠራራ ፀሐይ ይልቅ ሊያቀልጡት ይችላሉ፤ ምክንያቱም ንጹሕ አዲስ በረዶ የፀሐይን ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ይረጨዋል።

ለነገሩ የሰሜን በረዶ ዝናው የቆየ ነው። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስ ላይ የገለበጠው የአንድ ንጉሥ የዘመቻ ጽሑፍ ሰሜን ውስጥ በረዶው ሰው እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰምጥ ይናገራል። ዛሬ እንደዚያ ያለ በረዶ ስለማናይ ብዙ ሰው ተረት ይመስለዋል። እኔ ከባድ ውሽንፍር የጣለበት ሰሞን ላይ የደረሰ ሠራዊት ያንን ቢያስጽፍ አይገርመኝም።

ዝናቡን ግን ጨርሶ አልናቀውም። ጥልቅና ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ በረዶ ውስጥ ሲሰርግ እዚያው ይረጋል፤ ሲረጋ በሊትር 334 ኪሎጁል ይለቅና ሙሉውን ክምር ወደ ዜሮ ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሙቀት ሁሉ ማቅለጥ ብቻ ነው ሥራው። በ1988 ዓ.ም. ጥር ማብቂያ (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1996) ኦሪገንና ዋሽንግተን ላይ የሆነው እንዲህ ነው። ከኃይለኛ ቅዝቃዜና በረዶ በኋላ ከሞቃቱ የፓስፊክ ውቅያኖስ እርጥብ አየር፣ ነፋስና ዝናብ አንድ ላይ መጡ። የተራራው በረዶ ከዝናቡ ጋር ወንዝ ገባ፤ ፖርትላንድ ከተማ የወንዙን ግንብ በአሸዋ ጆንያና በጣውላ አስረዝማ ለጥቂት ተረፈች።

ስለዚህ ውጭ ያላችሁ ቤተሰቦች፣ በረዶ በተከመረበት ሰሞን ስልካችሁ ላይ ሙቀቱን ብቻ አትዩ፤ «ዲው ፖይንት» የሚለውን፣ ማለትም ጤዛ የሚጀምርበትን ሙቀት፣ ተመልከቱ። እሱ ከዜሮ በላይ ወጥቶ ነፋስ ካለ፣ ዝናቡ ሳይጀምር ደጃችሁ ያለውን የጎርፍ መውረጃ ከበረዶ አጽዱ። እዚህ ያለነው ደግሞ በረዶ ሲያቆም አሸንዳውን እንይ፤ በበረዶ ከተደፈነ ውኃው ቤት ይገባል። ደባርቅ፣ በየዳና ጉና አካባቢ ያላችሁ፣ በሚቀጥለው በረዶ ስንት ሰዓት ነጭ ሆኖ እንደቆየና ሰማዩ ጥርት ያለ ይሁን ጭጋጋም ጻፉልኝ፤ ፎቶም ካላችሁ ላኩ።