የጣና ዓሣ፦ በርዝመቱ ወይስ በጣዕሙ?

ማልዶ ወደ ጣና ዳርቻ የወረደ የባሕር ዳር ገበያተኛ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ትልቁ ዓሣ ላይ ነው። ክንድ የሚያህል ነጭ ዓሣ በስንጥቡ ተንጠልጥሎ ሲታይ መንገደኛው ሳይቀር ቆም ይላል፤ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ የሚያነሣም አይጠፋም። አጠገቡ የተደረደረውን፣ ከስንዝር እምብዛም የማይበልጠውን ቀረሶ ልብ የሚለው የለም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያው ሰው ምግብ ቤት ገብቶ “ዓሣ ጥብስ” ብሎ ሲያዝ በልቡ የያዘው ቀረሶን ነው።

ዓይን የሚመርጠውና አፍ የሚመርጠው መለያየቱ ተራ ነገር ይመስላል። በጣና ላይ ግን የዓሣ ሀብቱን ዕጣ ከሚወስኑ ጉዳዮች አንዱ ሆኗል።

ልዩነቱ ከአደን ጋር አብሮ የኖረ ነው። በአገራችን አዳኝ የሚወደሰው በግዳዩ ነበር፤ በአንበሳው ጎፈር፣ በዝሆኑ ጥርስ። ዛሬም ከውጭ አገር የሚመጡ አዳኞች በባሌና በአርሲ ተራሮች የደጋ አጋዘን ለማደን ዳጎስ ያለ ገንዘብ የሚከፍሉት ለቀንዱ ነው፤ ቀንዱ በሜትር ይለካል፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ኤልክ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ከሚያድኑት መካከል ባለ ትልቅ ቀንዱን ወንድ ትተው ወጣቷን እንስት የሚመርጡ አሉ፤ ሥጋዋ ለስላሳ ነውና። በጣና ዳር የነገደ ወይጦ አባቶች ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ ሆነው ጉማሬ ያድኑ የነበረውም ለስም ሳይሆን ለምግብ ነበር። ከቆዳው አለንጋ ይሠራል፣ ሥጋው ቤተሰብ ይመግባል። ዛሬ የማኅበረሰቡ መተዳደሪያ በአብዛኛው ዓሣ ማስገርና የደንገል ሥራ ነው።

ይሁንና ዓሣን ከአጋዘን የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ቀንድ የሚፈልግ አዳኝ የሚመታው ያረጀ ወንድ ነው፤ እርሱ ቢጎድል መንጋው መውለዱን አያቆምም። በነጭ ዓሣ ዘንድ ግን ግዙፎቹ በአብዛኛው እንስቶች ናቸው። እንስቷ በአካል በገፋች ቁጥር የምትጥለው እንቁላልም ይበዛል። በዓሣ አደን “ትልቁን” መምረጥ ማለት እናቲቱን መምረጥ ነው።

ነጭ ዓሣ ስንል አንድ ዓይነት ዓሣ ማለታችን አይደለም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ የጣና ዓሦች ለረጅም ዘመን ለብቻቸው ኖረዋል። በዚህም የተነሣ ከሌላ ሐይቅ የማይገኙ፣ ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች እዚሁ ተፈጥረዋል። ከእነዚህም ሌሎች ዓሦችን እያደኑ የሚበሉ አሉ፤ ጥርስ አልባ በሆነው በዚህ የዓሣ ቤተሰብ ዘንድ እንዲህ ያለው ጠባይ እምብዛም አይታይም። በፊሊፒንስ የላናዎ ሐይቅም ተመሳሳይ ስብስብ ነበረ፤ እርሱ ከጠፋ ወዲህ በዓለም ላይ የቀረው የጣናው ነው።

ከእነዚህ ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ ለመራባት ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ጊዜው ክረምት ነው፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ በተለይም ነሐሴና መስከረም። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማና አርኖ ጋርኖ ሲሞሉ ዓሦቹ በወንዞቹ አፍ ላይ ይሰባሰባሉ፤ ከዚያም ጠጠር ያለበት፣ ጥርት ብሎ የሚፈስስ ገባር ፍለጋ ሽቅብ ይጓዛሉ። አስጋሪው ይህን ያውቃል። መረቡን በወንዙ አፍ ላይ አግድም ከዘረጋ በአንድ ሌሊት የሚያገኘው በሐይቁ መካከል በሳምንት የማያገኘውን ነው። ወንዝ ውስጥ ከገቡ በኋላም የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ በትነው ዓሣውን አደንዝዘው የሚለቅሙ አሉ።

ውጤቱ በጥናት ታይቷል። በሐይቁ ላይ በሞተር ጀልባ የሚካሄደው የመረብ ማስገር የተጀመረው እ.ኤ.አ በ1986 ነው። ሆላንዳዊው ተመራማሪ ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ በ2004 ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ በወንዝ የሚራቡት ነጭ ዓሦች መጠን እ.ኤ.አ ከ1991 እስከ 1993 ከነበረው ጋር ሲነጻጸር በ2001 በ75 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። ዋናው ምክንያት ተብሎ የተጠቀሰውም በመራቢያ ጊዜ በወንዞች አፍ ላይ የሚካሄደው ማስገር ነው።

የሚያስቆጨው፣ ይህ ሁሉ የሚደረገው ለምርጥ ሥጋ አለመሆኑ ነው። ዓሣ እንቁላል ሲያዘጋጅ በሥጋውና በሆድ ዕቃው ያከማቸውን ስብ ወደ እንቁላሉ ያዞራል፤ ሽቅብ መዋኘቱ ደግሞ የቀረውን ይጨርሳል። እንቁላሉን የጣለ ዓሣ ከስቶ፣ ሥጋው ውኃ ውኃ ብሎ ይገኛል። በኪሎ የገዛው ሰው የሚከፍለው ለእንቁላሉና ለጭንቅላቱ ጭምር ነው። በሌላ በኩል በበጋው ወራት በሐይቁ ውስጥ ሲመገብ የከረመው ዓሣ ሥጋ የያዘ ነው። በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊው የሚበዛውም በዚሁ በበጋ መሆኑ ለአስጋሪው መልካም አጋጣሚ ነው።

ለትልቁ ዓሣ የሚቆም ክርክርም አለ፤ ተገቢ ነው። የነጭ ዓሣ ሥጋ እንደ ሹካ የተሰነጠቁ ቀጫጭን አጥንቶች የተሰገሰጉበት ስለሆነ፣ በትንሹ ዓሣ ላይ አጥንቶቹ አይታዩም፤ ጉሮሮ ይወጋሉ። በትልቁ ግን ወፍራም ስለሆኑ በቀላሉ ይለቀማሉ። ቋንጣ አዘጋጅቶ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ለሚልክ ነጋዴም ትልቁ ይመቸዋል። ቀረሶ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም፤ ሥጋው ነጭና አጥንቱ ከዳር የሚቀር ነው። ሆኖም ከአንድ ኪሎ ቀረሶ የሚገኘው ፊሌቶ ከሲሶው ብዙም አይበልጥም። አምባዛ ስብ ስላለው ለወጥ የሚመርጡት ብዙዎች ናቸው፤ አየር መተንፈስ ስለሚችል ከውኃ ወጥቶም ለሰዓታት በሕይወት ይቆያል፤ ትኩስ ሆኖ ገበያ የመድረስ ዕድሉ ከሁሉም የተሻለ ነው።

ትኩስነት ከተነሣ፣ ጣዕሙን ከዝርያው ባላነሰ የሚወስነው አገዳደሉ ነው። አዳኞች ይህን ከጥንት ያውቁታል፤ ሲባረር ውሎ የተገደለ እንስሳ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይደርቃል። ለበዓል የሚታረድ በሬ አስቀድሞ እንዲያርፍ የሚደረገውም ለዚሁ ነው። ማታ በተዘረጋ መረብ ተይዞ ሌሊቱን ሲታገል ያደረ ዓሣ የሥጋውን ኃይል ጨርሶ ይሞታል፤ ቶሎ ይገተራል፣ ቶሎም ይልፈሰፈሳል። ላይ ላዩ ደግሞ ያለ በረዶ በታንኳ ወለል ላይ ፀሐይ ሲመታው ምሳ ሰዓት ላይ የሚሸጠው ዓሣ በተግባር የትናንት ነው። መረቡን በሌሊት ጎብኝቶ ዓሣውን በሕይወት ሳለ ማውጣት፣ ስንጥቡን ቆርጦ ደሙን ማፍሰስ፣ ሆድ ዕቃውን አውጥቶ በረዶ ላይ ማኖር ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። በረዶ ግን ይጠይቃል፤ በገጠሩ የሐይቁ ዳርቻ ደግሞ የጠፋው እርሱ ነው። በእኔ እምነት ለአስጋሪ ማኅበራት አዲስ መረብ ከማከፋፈል የበረዶ ማሽን ማቅረብ ይሻላል፤ ሁለት ትኩስ ቀረሶ ከአንድ ለፍስፋሳ ነጭ ዓሣ የበለጠ ያወጣልና።

ሕጉ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የዓሣ ሀብቱን ከመጠን ካለፈ ማስገር መከላከልን ዓላማው አድርጓል፤ ጣናም እ.ኤ.አ በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ነገር ግን በነሐሴ ሌሊት፣ በጎርፍ መካከል፣ በጉማራ አፍ ላይ የተዘረጋን መረብ ማን ይቆጣጠረዋል? ከተቆጣጣሪው ይልቅ የሚቀርበው ገዢው ነው። አስጋሪው መረቡን የሚዘረጋው ጠዋት የሚገዛው ስላለ ነው።

ለገዢው የሚሆን ምልክት ደግሞ ለዓይን ቅርብ ነው። የትኩስ ዓሣ ዓይን ጥርት ብሎ ወደ ውጭ የወጣ ነው፤ ሲያድር ይጎደጉዳል፣ ይደፈርሳል። ስንጥቡ ሲገለጥ ቀይ ይሁን፤ ቡናማ ከሆነ ይለፉት። ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ መነሣት አለበት። ከነሐሴ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሆዱ የተነፋ፣ ጫን ሲሉት እንቁላል የሚያፈስስ ነጭ ዓሣ ከቀረበልዎት ርዝመቱን አይዩት፤ አጠገቡ ያለውን ቀረሶ ወይም አምባዛ ያስመዝኑ።