ከሕንፃ ፍርስራሽ የሚሠራ የመንገድ ንጣፍ

በአዲስ አበባ አንድ አሮጌ ሕንፃ በሚፈርስበት ጊዜ ከውስጡ የሚወጣው ዕቃ አብዛኛው ገዢ አለው። ቆርቆሮው፥ በሩና መስኮቱ፥ ሳንቃው በዚያው በቦታው ይሸጣል። የአርማታው ብረት ተቆርጦ ወደ ምን ዓለሽ ተራ ወይም በአቃቂ ቃሊቲ ወደሚገኙት የብረት ማቅለጫዎች ይጫናል። ጠርሙሱንና ፕላስቲኩን ሳይቀር ቆራሌው ይወስደዋል። ገዢ ያጣው የአርማታው ስብርባሪ ብቻ ሲሆን፥ ይኸውም ባለቤቱን የመኪና ኪራይ እያስከፈለ ከከተማ ውጭ የሚጣል ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሥራ ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የሚፈርሰው ቤትና የሚነጠፈው የእግረኛ መንገድ በአንድነት በዝተዋል። ስለዚህ ጉዳዩ ብሎኬትና ንጣፍ ለሚያመርቱ ነጋዴዎች፥ ይልቁንም ከሳሪስ አቦ እስከ ቃሊቲ ባለው የደብረ ዘይት መንገድ አካባቢ ለሚሠሩት፥ ሊታሰብበት የሚገባ ሆኗል።

ፍርስራሽን ለሥራ ማዋል አዲስ ነገር አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን አገር በቦምብ የፈረሱት ከተሞች ጡብ ተፈጭቶ ለቤቶን ጠጠር ሆኖ ስላገለገለ፥ እ.ኤ.አ. በ1951 ለዚሁ የተለየ የሥራ ደንብ እስከ መውጣት ደርሷል። በሆላንድም በዚያው ዘመን የሸክላ ጡቡ ለመኖሪያ ቤቶች ሥራ ስለ ተፈለገ፥ መንገዱ በሲሚንቶ ንጣፍ መሠራት ጀመረ። በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የሆንግ ኮንግ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፥ ከጠጠሩና ከአሸዋው ሩቡን ወይም ግማሹን በፍርስራሽ መተካት የንጣፉን ጥንካሬ ብዙ እንዳልቀነሰው አሳይቷል። ሁሉንም በፍርስራሽ ተክቶ እንኳ በካሬ ሳንቲሜትር 500 ኪሎግራም ያህል የሚሸከም ንጣፍ ለመሥራት ተችሏል።

እንግዲህ ሥራው የሚቻል መሆኑ ከታወቀ፥ የሚቀረው ጥያቄ ንጣፉ የሚበላሸው በምን ምክንያት ነው የሚለው ነው። ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ፍርስራሹን ነው። ነገር ግን አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው በውኃው ነው።

ከተሰበረ አርማታ የሚገኘው ጠጠር በላዩ የተጣበቀ አሮጌ ሲሚንቶ ስላለው ውኃ ይጠጣል። ደኅና ጥቁር ድንጋይ ከክብደቱ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ውኃ ሲወስድ፥ የፍርስራሽ ጠጠር አምስት፥ ስድስት፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ነገሩን በቁጥር ለማየት፥ አንድ ሜትር ኩብ ቤቶን 380 ኪሎግራም ሲሚንቶና 140 ሊትር ውኃ ገባበት እንበል። ከጠጠሩና ከአሸዋው 900 ኪሎግራሙ ደረቅ ፍርስራሽ ቢሆንና ከመቶ ስድስት እጅ ቢጠጣ፥ 54 ሊትሩ ለሲሚንቶው ሳይደርስ በጠጠሩ ውስጥ ይቀራል ማለት ነው። ሠራተኛው ድብልቁ ሲደርቅበት ባየ ጊዜ በጆግ ውኃ ይጨምራል፤ መጠኑ ግን ስለማይታወቅ አንዱ ንጣፍ ጠንካራ፥ ሁለተኛው ልፍስፍስ ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፍርስራሹ ከአንድ ቀን በፊት በውኃ ይርሳል፤ በማግሥቱ ላዩ ጠፈፍ ሲል ወደ መቀላቀያው ይገባል።

ከመርጠቡ በፊት ግን መለየት ይገባል። ከወለል፥ ከምሰሶና ከጣራ አርማታ የወጣው ተመራጭ ነው። የፑሚስ ብሎኬት ስብርባሪ ቀላልና ደካማ ስለሆነ ለንጣፍ አይበጅም። ጭቃና ጭድ ያለበት ፈጽሞ አይገባም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው የግድግዳ ጀሶ ነው። ጀሶ ከሲሚንቶው ጋር ቆይቶ ስለሚያብጥ፥ ሲሸጥ ያማረው ንጣፍ ከክረምት በኋላ እንዲሰነጣጠቅ ያደርጋል። ለዚህ የሚደረገው ለቀማ የሰው ጉልበት ይጠይቃል፤ በድንጋይ መፍጫው የሚቆጠበውን ገንዘብ በከፊል የሚበላውም ይኸው ነው።

ስለ መኪናው ብዙ መናገር አያስፈልግም። ለብሎኬት የሚበቃ ንዝረት ለንጣፍ ላይበቃ ስለሚችል፥ ያለውን መኪና ከመመካት አስቀድሞ ሞክሮ ማየት ይበጃል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ውኃ የማጠጣቱ ነገር ሲሆን፥ ነጋዴውን በእውነት የሚፈትነው እርሱ ነው። በገበያው በብዛት የሚገኘው ፒ.ፒ.ሲ. የሚባለው ሲሚንቶ እንደ ፑሚስ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተቀላቀለበት በመሆኑ የመጨረሻ ጥንካሬው ደኅና ነው፤ ዳሩ ግን ጥንካሬውን የሚያገኘው ቀስ ብሎ ነው። በበጋው ፀሐይና ነፋስ ያልተሸፈነ ንጣፍ በአንድ ቀን ውስጥ ይደርቃል፤ የደረቀ ሲሚንቶም ከዚያ ወዲያ አይጠነክርም። ስለዚህ ቢያንስ ለሰባት ቀን፥ ቢቻል ለአሥራ አራት ቀን በፕላስቲክ ወይም በጆንያ ተሸፍኖ ውኃ መጠጣት አለበት። ለሽያጭ የሚደርሰውም በ28 ቀኑ ነው።

ሃያ ስምንት ቀን መጠበቅ ለአነስተኛ አምራች ምን ማለት እንደሆነ ማስላት ይቻላል። ርዝመቱ 20፥ ወርዱ 10፥ ውፍረቱ 6 ሳንቲሜትር የሆነ ንጣፍ ለአንድ ካሬ ሜትር 50 ይገባል፤ ከላይ በተነገረው ልክ ለዚያው ካሬ ሜትር ወደ 23 ኪሎግራም ሲሚንቶ ይፈጃል። በቀን 2,000 ንጣፍ የሚያወጣ ሰው በ28 ቀን ውስጥ 24 ቀን ቢሠራ፥ የመጀመሪያውን ከመሸጡ በፊት 48,000 ንጣፍ ወይም 960 ካሬ ሜትር በግቢው ይከመርበታል። በዚያ ክምር ውስጥ ያለው ሲሚንቶ ብቻ ከ210 ኩንታል በላይ ነው። የሠራተኛ ደመወዝ፥ የቦታ ኪራይና የውኃ ወጪ በዚህ ላይ ይጨመራል። ከዚህ የተነሣ ብዙው በሳምንቱ መሸጡ አያስደንቅም፤ ጥንካሬው ግን በሳምንቱ ገና አልሞላም። ፍርስራሹ የጠጠር ዋጋ በመቀነስ የሚያስገኘው ጥቅም ለዚህ መጠበቂያ ቢውል፥ ከዋጋ ቅናሽ ይልቅ የተሻለ ሥራ ይሠራል። ለገዢውም ቢሆን በቅድሚያ ከፊል ክፍያ ሰጥቶ ከወር በኋላ መረከብ፥ ያልበሰለ ንጣፍ ገዝቶ በዓመቱ ከመንቀል ይረክሳል።

ስለ ሌሎቹ ውዳቂ ዕቃዎችም የሚጠይቁ አይጠፉም። ጠርሙስ ደቅቆ ካልተፈጨ ከሲሚንቶው ጋር እየተዋሐደ ንጣፉን ይሰነጥቃል፤ እንደ ዱቄት ከተፈጨ ግን ይህ ሥጋት ይቀንሳል። የብረት ማቅለጫ ዝቃጭ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ያልበረደ ኖራ ሊኖርበት ስለሚችል ለወራት በሜዳ ዝናብ ሳይመታው መጠቀም አደገኛ ነው። ያረጀ ጎማ የቤቶንን ጥንካሬ ይቀንሳል፤ ለበረባሶ ቢቀር ይሻለዋል። ፕላስቲክን ከአሸዋ ጋር አቅልጦ ንጣፍ መሥራት በናይሮቢ ጄንጌ ሜከርስ የሚባል ድርጅት የሚሠራበት ሙያ ነው፤ ነገር ግን ሲሚንቶ የሌለበት፥ የተለየ መኪናና የጢስ መከላከያ የሚጠይቅ በመሆኑ ከብሎኬት ሥራ ጋር አይገናኝም።

በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ደግሞ በንጣፉ ላይ የሚሳበብ አንድ የመሬት ጠባይ አለ። የአካባቢው ጥቁር መረሬ በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተነጠፈውም አብሮት ይነሣል፥ ይወርዳል። መረሬው ተቆፍሮ ካልወጣና በተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ካልተተካ፥ ከላዩም ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር አሸዋ ካልተነጠፈ፥ ጠርዙም በድንጋይ ካልተያዘ፥ ከምንም ዓይነት ጠጠር የተሠራ ንጣፍ አይቆምም። ለእግረኛ 6 ሳንቲሜትር ውፍረት ይበቃል፤ መኪና የሚገባበት ግቢ 8 ይፈልጋል።

የንጣፍ ጥራት የሚታወቀው በምርመራ ነው። የአሜሪካ ደንብ በአማካይ 560 ኪሎግራም ያህል በካሬ ሳንቲሜትር ይጠይቃል፤ ይህ ለመንደር የእግር መንገድ ከሚያስፈልገው በላይ ነው። የመጫን ምርመራው በላቦራቶሪ የሚደረግ ሲሆን፥ ቀድሞ የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይባል በነበረው በአምስት ኪሎው ግቢ ይህን የሚሠራ መሣሪያ አለ። ሁለተኛው ምርመራ ግን በተራ ሚዛን በአምራቹ ግቢ ሊደረግ ይችላል። በደንብ የደረቀ ንጣፍ ይመዘናል፤ ለ24 ሰዓት በውኃ ተነክሮ ላዩ ተጠርጎ እንደገና ይመዘናል። በዚሁ ደንብ መሠረት ጭማሪው በአማካይ ከመቶ አምስት እጅ እንዳይበልጥ ስለሚያስፈልግ፥ 2,700 ግራም የሚመዝን ንጣፍ ከ135 ግራም የበለጠ ውኃ መጠጣት የለበትም። ሚዛኑም፥ በርሜሉም፥ የተመረተበት ቀን የተጻፈበት ክምርም ገዢው በሚያየው ቦታ ሊቀመጡ ይችላሉ።