ባንኮክ ለመሄድ ላሰባችሁ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ሰዎች

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አብዛኛው ስለ ባንኮክ ነው። ቡራዩ ላይ የልብስ ሱቅ ስላለኝና ዕቃ የማመጣው ከዚያ ስለሆነ፣ «ቪዛው እንዴት ነው? ምን ያህል ገንዘብ ልያዝ? ከኤርፖርት ማን ይቀበለኛል?» የሚለኝ ብዙ ነው። ለእያንዳንዱ በተናጠል ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው።

ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር። ባንኮክ ተቀባይ የማያስፈልገው ከተማ ነው። ቋንቋውን ሳትችሉ፣ ዘመድ ሳይኖራችሁ፣ ከአውሮፕላን ወርዳችሁ ሆቴላችሁ ድረስ በራሳችሁ ትደርሳላችሁ። ስለዚህ ቲኬቱም፣ ቪዛውም፣ ሆቴሉም፣ ፓስፖርቱም ከእጃችሁ አይውጣ። ይህን ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ታች ላይ ጽፌዋለሁ፤ እባካችሁ እስከዚያ ድረስ አንብቡት።

ወረቀት። ፓስፖርታችሁ ቢያንስ 6 ወር የቀረው ይሁን። ኢትዮጵያ፣ ታይላንድ ኤርፖርት ላይ ቪዛ ከምትሰጣቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ለዓመታት ቆይታለች። በዚህ መንገድ የሚሰጠው 15 ቀን ሲሆን ክፍያው 2,000 ባህት ነው። የመመለሻ ቲኬት፣ የሆቴል ማስያዣና ለአንድ ሰው 10,000 ባህት የሚያህል ገንዘብ አሳዩ ይላሉ። እኔ የምመክረው ግን ቀድማችሁ በታይላንድ መንግሥት የኢ-ቪዛ ድረ ገጽ የቱሪስት ቪዛ እንድታወጡ ነው፤ እስከ 60 ቀን ያስቆያል፣ ቦሌ ላይም ጥያቄው ይቀንስላችኋል። ደንቡ በየጊዜው ስለሚቀየር ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እዚያው ድረ ገጹ ላይ አረጋግጡ። ከሚያዝያ 23 ቀን 2017 ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም የውጭ አገር መንገደኛ ከመድረሱ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ የመግቢያ ቅጽ በኦንላይን መሙላት ግዴታ ሆኗል። ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ የመንግሥት አይደለምና ዝጉት።

ቢጫ ካርዱን እንዳትረሱ። ታይላንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች፤ ክትባቱ የሚጸናው ደግሞ ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። በመሄጃው ዋዜማ ተከትቦ የሚሮጥ ሰው ካርድ ቢይዝም አልያዘም ማለት ነው። አንዴ ከተከተባችሁ ግን ለዕድሜ ልክ ነው።

የቲኬቱን ሰዓት ደግሞ በደንብ አንብቡ። የባንኮክ በረራ ብዙ ጊዜ በእኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። ቲኬቱ ሐሙስ 00:05 ካለ፣ በእኛ አቆጣጠር ረቡዕ ለሐሙስ ሌሊት 6 ሰዓት ከ5 ነው፤ ቦሌ መገኘት ያለባችሁ ረቡዕ ማታ ነው። ሐሙስ ማታ ሻንጣውን ይዞ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ጥሎት ከሄደ ቀን ሊሞላው ነው። እኛ ዳር ከተማ የምንኖር ደግሞ ቦሌ ለመድረስ ከተማውን አቋርጠን ማለፍ አለብን። ከሱሉልታ የምትነሱ በእንጦጦ ወርዳችሁ በአዲሱ ገበያ፣ ከሰበታ የምትነሱ በዓለም ገናና በአየር ጤና፣ እኛ ቡራዩዎች በአስኮ። የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ይህ መንገድ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ከመሸ በኋላ ደግሞ መኪና እንደልብ አይገኝም። ሳይመሽ ግቡ፤ ኤርፖርት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይሻላል።

ከ8 እስከ 9 ሰዓት በረራ በኋላ ሱቫርናብሁሚ ኤርፖርት ታርፋላችሁ። ሰዎቹ ሲጠሩት «ሱዋናፑም» ነው የሚሉት። ሰዓታቸው ከእኛ በ4 ሰዓት ይቀድማል። ኢሚግሬሽን ጨርሳችሁ ሻንጣ ከወሰዳችሁ በኋላ ወደ ምድር ቤቱ ውረዱ። እዚያ ከባቡሩ መግቢያ አጠገብ ያሉት ገንዘብ መንዛሪዎች ላይ ካሉት ባንኮች የተሻለ ይሰጣሉ። ዶላራችሁ 100ው፣ አዲሱና ያልተጣጠፈው ይሁን፤ የተጻፈበት ወይም ጫፉ የተቀደደ ከሆነ ብዙ ጊዜ አይቀበሉም፣ ትንንሹን ኖት ደግሞ በዝቅተኛ ዋጋ ነው የሚመነዝሩት። ሲም ካርድም እዚያው ኤርፖርት በፓስፖርታችሁ አውጡ፤ ካርታና መተርጎሚያ ያለ ኢንተርኔት አይሠራላችሁም። ቻርጀር አትጨነቁ፣ የእኛው ሁለት ጥርስ እዚያም ይሰካል።

የልብስ ገበያው ሰፈር ፕራቱናም ይባላል። የኤርፖርቱ ባቡር ራችፕራሮፕ የሚባል ፌርማታ አለው፤ ከዚያ ፕራቱናም በእግር ይደረሳል። ረጅሙ ጉዞ እንኳ ከ45 ባህት አይበልጥም። ሻንጣ ከበዛባችሁ ታክሲ ያዙ፤ ግን ሰልፉ ያለበት ቦታ ካለው ማሽን ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ወስዳችሁ፣ ሹፌሩ ቆጣሪውን ሲከፍት አይታችሁ ግቡ። በቆጣሪው ላይ 50 ባህት የኤርፖርት ክፍያና የፈጣን መንገዱ ክፍያ ይጨመራል። ወረቀቱን ለሹፌሩ አትመልሱ፣ ዕቃ ብትረሱ የምታገኙት በእሱ ነው። ከተማ ውስጥ ግራብና ቦልት በስልክ ይሠራሉ። ቱክቱክ የእኛው ባጃጅ ነው፤ ቆጣሪ የለውም፣ ሳትሳፈሩ ዋጋ ቁረጡ። «ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ዝግ ነው፣ ሌላ ቦታ ላሳያችሁ» የሚል ሹፌር ካጋጠማችሁ ጥላችሁት ሂዱ፤ የሚወስዳችሁ ኮሚሽን ወደሚያገኝበት የጌጣጌጥ ሱቅ ነው።

ፕራቱናም ላይ ብዙ ሰዓት አሳልፋለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝር። ፕላቲነም የሚባለው ሕንፃ ውስጥ ብዙ ሱቆች ሁለት ዋጋ አላቸው፤ ለአንድ ልብስ አንድ ዋጋ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ለሚያነሳ የጅምላ ዋጋ። ሦስቱ የተለያየ ቀለም ቢሆኑ ችግር የለውም። ሻጯ ዋጋውን ካልኩሌተር ላይ ጽፋ ታዞርላችኋለች፤ እናንተም የምትፈልጉትን ጽፋችሁ መልሱላት። ፈገግታ እንጂ ቁጣ እዚያ አያስቀንስም። ዋናው ጣጣ ልኩ ነው። «ፍሪ ሳይዝ» የሚሉት ቀሚስ የተሰፋው ለእነሱ ቁመናና ወገብ ስለሆነ፣ ቡራዩ ስታመጡት የሚያልፈው ለቀጫጭን ልጆች ብቻ ነው። ሜትር ያዙ። ደረቱን፣ ወገቡን፣ የክንዱን ስፋት ሳትለኩ ደርዘን አታንሱ። ስትለኩ ሻጮቹ አይከፋቸውም፣ እንዲያውም ነጋዴ መሆናችሁን አውቀው ዋጋ ያስተካክላሉ። ደረሰኝ ያዙ፤ ለንግድ የሚሆን መጠን ይዛችሁ ስትመለሱ ቦሌ ጉምሩክ ቀረጥ ይጠይቃችኋልና ከዋጋው ጋር ቀድማችሁ አስሉት።

ለፋሲካ ዕቃ ለማምጣት ያሰበ ሰው የቀን መቁጠሪያ ይመልከት። የታይላንድ ዘመን መለወጫ ሶንግክራን ከሚያዝያ 5 እስከ 7 ነው። በእነዚያ ቀናት ሕዝቡ መንገድ ላይ ውሃ ይረጫጫል፣ ሻጩም ወደየአገሩ ይገባል፣ ሱቁ ተዘግቶ ይጠብቃችኋል። ሙቀቱም የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ለእኛ ሰው የሚመች አየር ነው። ዓመተ ምሕረታቸው ደግሞ በቡድሃ ስለሆነ ፈረንጆቹ 2026 ሲሉ እነሱ 2569 ይላሉ። መድኃኒትና የታሸገ ምግብ ላይ የምታዩት ማብቂያ ብዙ ጊዜ በዚህ ነውና 543 ቀንሳችሁ አንብቡ።

ምግብ። የቧንቧ ውሃ አትጠጡ፤ ሰቨን ኢሌቨን የሚባለው ሱቅ በየመንገዱ ጥግ ስላለ የታሸገ ውሃ በርካሽ ይገኛል። አሳማ ብዙ ምግብ ውስጥ ይገባል፤ «ማይ ሳይ ሙ» ካላችሁ «አሳማ አታግቢ» ማለት ነው፣ ይገባቸዋል። ለጾመኛ አንድ የምሥራች ልንገራችሁ። ቢጫ ጨርቅ ላይ በቀይ ቀለም 17 ቁጥር የሚመስል ጽሑፍ የተሰቀለበት ምግብ ቤት ካያችሁ ግቡ። «ጄ» ይሉታል፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት የለበትም፣ የዓሣ መረቅ እንኳ አይነካውም። ሌላ ቤት ግን አትክልት ብቻ ብትሉም የዓሣ መረቅ ጠብ ማድረጋቸው አይቀርም። ሙስሊም ለሆናችሁ ከፕራቱናም ብዙም ሳይርቅ፣ ቦዩ ዳር፣ ባን ክሩዋ የሚባል የቆየ የሙስሊም ሰፈር አለ። ናና የሚባለው አካባቢም የዓረብ ምግብ ቤት ሞልቶታል፤ እንጀራ የናፈቀውም የሚጠይቀው እዚያ ነው።

ቤተ መቅደስ ስትጎበኙ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ ነጠላ ይዞ የሄደ ሰው እዚያ በር ላይ ልብስ አይከራይም። ስለ ንጉሡና ስለ ቤተሰባቸው ክፉ መናገር በእስር ያስቀጣል። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ክልክል ነው። ጫት ደግሞ ለሰው አደራም ቢሆን እንዳትይዙ፤ እዚያ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚታየው።

ለሕክምና የምትሄዱም አላችሁ። ሱኩምቪት ሦስተኛው መንገድ ላይ ያለው ቡምሩንግራድ ኢትዮጵያውያን ከሚያውቋቸው ሆስፒታሎች አንዱ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የምርመራ ውጤታችሁን በኢሜይል ልካችሁ የሕክምናውን ግምት በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ቤት ሸጣችሁ ከሄዳችሁ በኋላ የምትሰሙት ዋጋ መሆን የለበትም። ቀጠሮ ከ15 ቀን ሊያልፍ ስለሚችል ኤርፖርት ላይ በሚሰጠው ቪዛ አትተማመኑ። የሚያስታምም ሰው ይኑራችሁ፤ በሆስፒታሉ ዙሪያ ወጥ ማብሰያ ያለው የኪራይ ክፍል ይገኛል።

አሁን ወዳልኳችሁ ነገር ልምጣ። ባለፈው አንዲት የሰበታ እናት ሱቄ ድረስ መጥተው የልጃቸውን ስልክ ሰጡኝ። «ልጄ፣ አንብቢልኝ፣ አንቺ አገሩን ታውቂዋለሽ» አሉኝ። በቴሌግራም የተላከ መልእክት ነው። የኮምፒውተር ሥራ፣ በዶላር የሚከፈል ደመወዝ፣ ልምድ አይጠየቅም፣ ቲኬቱን ድርጅቱ ይችላል፣ ባንኮክ ኤርፖርት ስሙን ይዞ የሚጠብቅ ሹፌር አለ። የድርጅቱ ስም የለም፣ የቢሮ አድራሻ የለም፣ ቪዛው የቱሪስት ነው። «እማማ፣ ልጁን አይልኩት» ነው ያልኳቸው፤ ለምን እንደሆነም እንዲህ አስረዳኋቸው።

ከባንኮክ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከሚያንማር ጋር በሚያዋስነው ድንበር ላይ ሜ ሶት የምትባል ከተማ አለች። ሞኢ የሚባለውን ወንዝ ሲሻገሩ ሚያዋዲ ነው። እዚያ ማዶ በታጣቂዎች የሚጠበቁ ግቢዎች ውስጥ ከብዙ አገር የተወሰዱ ወጣቶች በኢንተርኔት ሰው እንዲያጭበረብሩ ይገደዳሉ፤ አልሠራም ያለ ይደበደባል፣ ልውጣ ያለ ገንዘብ ይጠየቃል። በየካቲት 2017 ከእነዚህ ግቢዎች ወጥተው በሜ ሶት በኩል ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ያህል የውጭ ዜጎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የእኛ ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ የገቡበት በር ደግሞ ይኸው እኔ ቀሚስ የማመጣበት ኤርፖርት ነው።

የቱሪስት ቪዛ ሥራ አያሠራም። ሕጋዊ የውጭ አገር ሥራ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል ያልፋል፤ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ፣ በተመዘገበ ውል። ይህ ከሌለ፣ የጠራችሁ የሰፈር ልጅ ወይም የአክስት ልጅ ቢሆንም አትሂዱ፤ እሱ ራሱ ተገድዶ የሚጽፍ ሊሆን ይችላል።

ባንኮክ ደርሳችሁ ከሆነም ይህን ያዙ። ከኤርፖርት መሐል ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው ውስጥ ሆናችሁ ስልካችሁ ላይ ካርታ ክፈቱ። የከተማው ሕንፃ ሳይመጣ አንድ ሰዓት ካለፈና ሰማያዊዋ ነጥብ ወደ ሰሜን ምዕራብ ከሄደች፣ ነዳጅ ማደያ ላይ ሲቆም ወርዳችሁ ሰው ወዳለበት ግቡ። የቱሪስት ፖሊስ 1155 ነው፣ እንግሊዝኛ ይናገራሉ። መደበኛው ፖሊስ 191 ነው። የሕገ ወጥ የሰዎች ዝውውር መጠቆሚያ 1300 ነው። ከቤት ስትወጡ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች፣ የሆቴሉን ስምና የፓስፖርቱን ፎቶ ለእናታችሁ ወይም ለእህታችሁ ስልክ ላኩ፤ በየስንት ሰዓቱ እንደምትደውሉም ተነጋገሩ።